ዋልካ ላይ የተጠራ ደቦ

ጎበዝ፣ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ በነፃ ነው። ከጓሯችሁ ጥቂት ትርፍ መሬት ካለቻችሁ ሽንኩርት ትከሉባት። ሽንኩርት ካልወደዳችሁ ዝም ብላችሁ እዩዋት። ብቻ «እዚህች ላይ አንዲት ክፍል ብትቀጠልስ» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቡና ተኙ። እኔ ሳልተኛ ቀረሁ፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ እግሬን ዘርግቼ መተኛት አምሮኝ ይኖራል።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ዳሌ ነው። እናቴ እዚሁ እሥራኤል አገር፣ አፉላ መሀል ከተማ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሰማንያን ያለፈች ሴት ናት፤ በስንት እንዳለፈች ግን እሷም አታውቅ፣ መታወቂያዋም አያውቅ። አንድ ቀን ቲማቲም ገዝታ ስትወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወደቀች። ቲማቲሙ ተንከባሎ ምድር ቤት ደረሰ፣ የእሷ ዳሌ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው እንደ ምንም አለፈና ማገገሚያ አስገቧት።

ከዚያ የማገገሚያው ኦቬዴት ጠራችኝ። ኦቬዴት ማለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ናት፤ እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች ስሟን ስንሰማ ሸሚዛችንን እናስተካክላለን። «እናትህ ከእንግዲህ ደረጃ አትወጣም» አለችኝ። «ወይ ምድር ቤት የራሷ ክፍል ይኑራት፣ ወይ ቤት አቮት ትግባ። እስከ ዳስ በዓል ጊዜ አለህ። ክፍሉን መጥቼ በዓይኔ አያለሁ።»

ቤት አቮት የሽማግሌዎች መኖሪያ ነው። ንጹሕ ነው፣ ነርስ አለው፣ ሾርባ አለው። እናቴ ግን ስሙን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ልጅ ወልጄ ሳለ በደወል ልበላ?» አለች። ከዚያ በኋላ ምን እላለሁ? «እምዬ፣ ክፍል እሠራልሻለሁ» አልኳት። አፌን በቆረጠው!

የእኔ ቤት ምድር ቤት ነው፣ ደግነቱ። መጥፎነቱ ጠባብነቱ ነው፤ እኔ፣ ሚስቴ ዝናሽና ሦስት ሴቶች ልጆቻችን ተሳስበን ነው የምንተነፍሰው። ከኋላ ግን ጓሮ ነበረን፤ «ነበረን» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። የግንባታውን ፈቃድ እንዴት እንዳገኘሁ አልነግራችሁም። ስጀምር ፀጉር ነበረኝ፣ እሱ ይበቃችኋል።

መሠረቱን የምትነድፍልኝ ላሪሳ የምትባል ከሩስያ የመጣች መሐንዲስ ነበረች። ሲጋራ ከአፏ አይለይም፣ ሳቅ ደግሞ ወደ አፏ አይደርስም። በቀጭን የብረት ቱቦ ከጓሮዬ አፈር አወጣች፣ በጣቷ አሸችው፣ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጋበት እንደ ሊጥ አድቦለቦለችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። እኔ አጎንብሼ ሳየው ሳቄ መጣ። ዋልካ! ያገሬ ዋልካ! በበጋ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር የሚሰብር፣ በክረምት አብጦ ጫማ ከእግር የሚያወልቅ ጥቁር አፈር። ጎንደር ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀድሞኝ አፉላ ገብቶ ኖሯል።

«ይህንንማ አውቀዋለሁ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «አባቴ ሽምብራ ይዘራበት ነበር።»

«ጥሩ» አለች ላሪሳ። «እኛ ሽምብራ አንዘራም።»

ከዚያ ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። ስድስት ጉድጓድ በማሽን ይሠረሠራል፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሜትር ይወርዳል፣ ብረትና ኮንክሪት ይሞላና የምድር ውስጥ ምሰሶ ይሆናል። ክፍሉ እነዚያ ምሰሶዎች ላይ ይቀመጣል። ወለሉ ደግሞ አፈሩን እንዳይነካ ከሥሩ ባዶ ክፍተት ይተዋል።

«ዘጠኝ ሜትር?» አልኩ። «ላሪሳ፣ እናቴ እኮ አርባ አምስት ኪሎ ናት። እሱም ከነጫማዋ።»

«እናትህ ትሰምጣለች ብዬ አይደለም። አፈሩ ይነሣል ብዬ ነው። ክረምት ሲመጣ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ቤቱን ያነሣል። በጋ ሲመጣ ይደርቃል፣ ቤቱን ይጥላል። ቤትህ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲሰግድ ትፈልጋለህ?»

አልፈልግም። እሺ አልኩ። የመሠርሠሪያው ማሽን ባለቤት ሱሌይማን የሚባል የቅርብ መንደር ሰው ነው፤ እጁ ላይ ሥራ ስለነበረው «ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ» አለኝ። እንግዲህ ሰው ሆኜ ሦስት ሳምንት አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ሁሉ ለናንተ አላወራም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ቸኩዬ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀምም አልነበረም።

ገበያው አጠገብ ሽማግሌዎቻችን የሚቀመጡበት ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ አያ ፈረደን አማከርኳቸው። አያ ፈረደ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ዘራቸው ከድንጋይ ጠራቢና ከግንበኛ እንደሚመዘዝ ያላወቀ ሰው አፉላ ውስጥ የለም፣ ሳይጠየቁ ይናገራሉና።

«ዘጠኝ ሜትር!» አሉ፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ስማኝ ልጄ። የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው?»

«አያቶቻችን።»

«በስንት ማሽን?»

«በማሽን አይደለም።»

«ይቺ ላሪሳ የምትላት ነበረች?»

«ኧረ አልነበረችም።»

«ታዲያ ግንቡ ቆሟል ወይስ ወድቋል?»

እኩሉ ወድቋል ልል አሰብኩና ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም ብዬ ዋጥኩት። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ዋልካ ላይ ቤት አይሠራም፣ በእሱስ ልክ ናት። ግን መድኃኒቱ ምንድር ነው? ዋልካውን ዝቆ ማውጣት ነው! ከሥሩ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ስትደርስ መሠረትህን ትጥላለህ። ሦስት ሳምንት ምን ያስጠብቅሃል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ተወው ለኔ።»

የዚህ «ተወው ለኔ» ትርጉም ዓርብ ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ ተገለጠልኝ። በር ስከፍት ሃያ ስምንት ሰው ቆሟል። ደቦ! በእሥራኤል ምድር፣ አፉላ፣ በኔ ጓሮ፣ ደቦ! አካፋ የያዘ፣ ዶማ የያዘ፣ ከሥራ ቦታው የእጅ ጋሪ ተውሶ የመጣ አለ። አንዱ መጥረቢያ ይዟል፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ ከሀገር ከወጡ ወዲህ ፎቅ ሲጠርጉና ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ኖረው አፈር የነኩት ለቀብር ብቻ ነው። ዶማውን ሲጨብጡ ፊታቸው በራ። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴን በሉት። «ተመለሱ» ማለት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር፤ አንጀቴ ግን ከጭንቅላቴ ቀደመ።

ዝናሽ በፒጃማዋ ወጥታ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ደቦውን አያ ፈረደ ጠሩት። ምሳውንስ ማን ጠራው?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅ ትልቁን ድስት አወረደች። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም፤ ባል የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አያ ፈረደ ከላይ ሆነው ያዛሉ፣ አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አፈሩ ይወጣል። የአጥር ጎረቤቴ የሞሮኮ ሴት ናት፣ ደግ ሰው። ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር አይታ ደንግጣ «ማን ሞተባችሁ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም፤ ለእናቴ ነው» አልኳት። ጨርሼ ሳልናገር አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለማስረዳት ስሞክር «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ አታውራ» ብላ ሮጠች። ከሰንበት መግቢያ በፊት ለሐዘንተኛ የሚሆን ሦስት ትሪ ምግብ ይዛ መጣች። ደቦው በላው።

ዓርብ ደረት ድረስ ወረዱ፤ ድንጋይ የለም። «ቀርቧል፣ ሽታው እየመጣልኝ ነው» አሉ አያ ፈረደ። እሑድ ማንም ሳይጠራቸው ተመለሱ። ሰኞም ተመለሱ። እኔ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፈረቃዬ ላይ ነኝ፤ ለአለቃዬ «ሽማግሌዎች ጓሮዬን እየቆፈሩብኝ ነው» ብዬ እንዴት ፈቃድ ልጠይቅ? ማክሰኞ ስመለስ ጓሮው ውስጥ ሰው አይታይም። ዘፈን ብቻ ከምድር በታች ይሰማል፣ አፈር እየተወረወረ ይወጣል። የወጣው አፈር የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ፣ የልጆቼን ብስክሌት ቀብሮ፣ የጎረቤትን መኪና እስከ በሩ አልብሷል። ጉድጓዱ ደግሞ የቤቴን የኋላ ግድግዳ ታክኮ ነው የወረደው።

«አያ ፈረደ፣ ይበቃናል» አልኩ ከላይ ሆኜ።

«ድንጋዩ ላይ ልንደርስ አንድ ክንድ ቀርቶን?» አሉ ከታች። ከዓርብ ጀምሮ አንድ ክንድ ነው የቀረን።

ረቡዕ ተሲያት ላይ ከጉድጓዱ ዳር በኩል «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ድንጋይ!» ብለው ጮኹ። እልልታው ቀለጠ። ዝናሽ ራሷ ከኩሽና ወጥታ እልል አለች፤ ምግብ ማብሰሉ አበቃ ብላ ነው። አያ ፈረደ በክብር ወርደው፣ ዶማውን ተቀብለው፣ «በአያቶቻችን ስም» ብለው ሁለተኛውን መቱ።

የአራት ቤት የውኃ ቧንቧ ነበረ።

ዋልካ ውኃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለናንተ አልነግርም። ሰዎቹን በመሰላል አወጣናቸው። አያ ፈረደን ግን ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ይዞ አልለቅም አለ፤ በብብታቸው ገመድ አስገብተን አራት ሆነን እንደ መንጋጋ ጥርስ ነቀልናቸው። አንድ ቦት ጫማቸው እዚያው ቀረ። የጎረቤቶቹን ስድብ በስንት ቋንቋ እንደሰማሁ እግዜር ይቁጠረው።

በማግስቱ ላሪሳ መጣች። ጉድጓዱን ስታይ ሲጋራዋ ከአፏ ወደቀ።

«ይህ ምንድር ነው?»

«መሠረት» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«የምን መሠረት? የመርከብ?»

ስለ ድንጋዩ ነገርኳት። ዓይኖቿን ጨፈነች። «እዚህ ቦታ ድንጋይ ለማግኘት እስከሚቀጥለው ዓመት መቆፈር አለባችሁ። ለዚህ ነው ዘጠኝ ሜትር ያልኩህ፤ ምሰሶው ድንጋይ አይፈልግም፣ የማያብጠው ጥልቅ አፈር ጨብጦ ይይዘዋል» አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳዬ ዞረች። «አሮጌው ቤትህ አጭር መሠረት ላይ ነው ያለው። ጎኑን ገልጣችሁ ውኃ አጠጣችሁት። ዛሬ ነገ ሳትል ሙላው። በዚህ አፈር አይደለም፣ በጠጠር ነው፤ እየተረገጠ፣ እየተረገጠ!»

ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ይላሉ። እኔ የማስኩት ሳልሆን ያስማስኩት ነኝ፤ የምገባበት ግን እኔ መሆኔ ያኔ ገባኝ። ለመሙላትም ደቦ ጠራሁ። ለመቆፈር ሃያ ስምንት ሰው መጥቶ አልነበር? ለመሙላት አንዱ ሠርግ አለብኝ አለ፣ አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ስልኩን ለሚስቱ ሰጥቶ «የለም» አስባለ። አያ ፈረደማ ተቆጡ። «የቆፈርነውን መልሰን ልንደፍን? ከኛ ዘር እንዲህ ያደረገ የለም!» አሉ። አካፋ ይዘን የወጣን እኔና ዝናሽ ብቻ ሆንን፤ ዝናሽ አካፋውን ስትይዝ ታዲያ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት።

በመጨረሻ ያወጣኝ ሱሌይማን ነው። ሲመጣ ጉድጓዱን ዞሮ ዞሮ አየው። «ወላሂ፣ ቁፋሮው ቆንጆ ነው» አለ። «ግድግዳው ቀጥ ብሎ! ማሽን እንዲህ አይቆፍርም።» ይህን ለአያ ፈረደ ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ ተመልሰው ይመጣሉ ብዬ ፈራሁ። ጠጠሩ በመኪና መጣ፣ ተረገጠ፣ ማሽኑ ላዩ ላይ ቆመና ስድስቱን ጉድጓድ ሠረሠረ። ኮንክሪቱ ሲፈስ ቆሜ እያየሁ አለቀስኩ።

ነገሩ ግን አላለቀም። አያ ፈረደ ከነቅሬታቸው እናቴን ሊጠይቁ ማገገሚያ ሄደው ኖሯል። «እኅቴ፣ ልጅሽ መሬት የማይነካ ቤት ነው የሚሠራልሽ። ከሥሩ ባዶ ነው» ብለዋታል። ማታ ስሄድ እናቴ ልብሷን በፌስታል አስራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የቤት አቮት ወረቀት አለ።

«ፈርምልኝ» አለችኝ።

«ኧረ እምዬ! በደወል አልበላም አላልሽም?»

«ቤት አቮቱ መሬት ላይ ነው፣ ጠይቄያለሁ። አራተኛ ፎቅ ብኖርም ሕንፃው እግሩ መሬት ላይ ነበር፤ እኔ በሕይወቴ መሬት ያልነካ ቤት ገብቼ አላውቅም ልጄ። እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ አታስቀምጠኝ። ደግሞ ስንት ሰው አስቸገርክ፣ ሰፈሩን ውኃ አስጠማህ፣ ሚስትህ አታናግርህም አሉ። ለአንዲት አሮጊት። ይብቃ።» ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳበችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ክፍተቱን ብቻ አልነበረም የፈራችው፣ ሸክም መሆኗን ነው። በዚያ በጋ ስንት ነገር አናደደኝ፤ ልቤን የሰበረው ግን ያ ፌስታል ነው።

ቃል ቢያጥረኝ በማግስቱ ላሪሳን ለምኜ ይዣት ሄድኩ። ላሪሳ ሲጋራዋን በር ላይ አጠፋችና ከእናቴ ፊት ተቀመጠች። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ቤቱና መሬቱ ካልተጣሉ ለምን ይራራቃሉ?»

ላሪሳ አሰበች። «ሳይጣሉ እንዲኖሩ» አለች። «አፈሩ ክረምት ሲመጣ ይነፋል፣ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካላገኘ ይገፋል።»

እናቴ ሳቀች፣ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ። «ይቺ ሴት አማት ነበራት» አለችኝ። «እኔና ዝናሽም በመካከላችን ክፍተት ተውልን። በሩን በጓሮ በኩል አድርግልኝ፣ ሲያሰኘኝ እዘጋዋለሁ።» ወረቀቱን ራሷ ቀደደችው።

ክፍሉ ከዳስ በዓል ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አለቀ። ነጭ ግድግዳ፣ ትልቅ መስኮት፣ የራሷ በር፣ የራሷ ቁልፍ። እናቴ በምርኩዟ ገብታ ወለሉን ሁለቴ መታ መታ አደረገችና «ይሁን» አለች። እኔም ተገላገልኩ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። ለስንት ጊዜ? እዚህ አገር ከዳስ በዓል በኋላ የሚጀምረው ዝናብ እስኪመጣ።

መጀመሪያ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። ሥዕል ሰቀልንባት። በሁለተኛው ዝናብ ስንጥቁ ከሥዕሉ በላይና በታች ወጣ። በሦስተኛው የልጆቹ መኝታ ቤት በር አልዘጋ አለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ አልከፈት አለ፤ ዝናሽ ውስጥ ነበረች። በሩን በመፍቻ ነቅዬ ሳወጣት ያለችኝን እዚህ መጻፍ አልችልም። ላሪሳ መጣች፣ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ አስገባች፣ ጣቷ ሙሉውን ገባ። «ደቦህ ገልጦ ያጠጣው ማዕዘን ነው፤ አፈሩ ተነሣ» አለች። «ከሥር እስክንደግፈው ድረስ እዚህ ውስጥ ማንም አይደር።»

«የእናቴስ ክፍል?»

በውኃ ልኳ ለካችው። «እሱማ ንቅንቅ አላለም።»

እናም አምስታችን ፍራሻችንን ተሸክመን በጓሮ ዞረን የእናቴን በር አንኳኳን። እናቴ ከፈተች፣ አንድ በአንድ አየችን፣ ጫማችንን አስወለቀችን። ይኸው ሁለት ወር ሆነን። መብራቱን ስትፈልግ ታጠፋዋለች። አያ ፈረደ መጥተው ግድግዳውን በከዘራቸው እያንኳኩ «አላልኩም? ድንጋይ ላይ ብትደርሱ ኖሮ!» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኦቬዴቷ ዘግይታም ቢሆን ቃሏን አክብራ ክፍሉን ልታይ መጣች። እናቴ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ወለሉ ላይ ፍራሽ በፍራሽ ነው፣ አንዷ ልጄ መስኮቱ ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ዝናሽ ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ ከፈረቃ ገብቼ በር አጠገብ ተጋድሜያለሁ። ኦቬዴቷ ደብተሯን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች።

«ይህ የአንቺ ክፍል ነው የተባለው» አለች እናቴን፤ ልጄ አስተረጎመች። «እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?»

«የኔ ነው እንጂ የማን ነው» አለች እናቴ። «እነሱ ቤታቸው ተሰንጥቆባቸው ነው፣ አዝኜ አስጠግቻቸው ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞር አለች፤ «አንተ፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሰው ይለፍበት።»